አዲስ የኮምፒዩተር ቋንቋ እንዴት ይጠናል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን ለማክበር በተሰበሰብንበት በዚህ ጉባኤ ንግግር እንዳደርግ በተጠየቅሁ ጊዜ ርእስ ለመፈለግ ብዙ አልደከምሁም። ተማሪዎች በዕረፍት ሰዓት ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለና እርሱን መረጥሁ። ይኸውም አንድ አዲስ የኮምፒዩተር ቋንቋ በደንብ የሚጠናው በምን ዘዴ ነው የሚል ነው። ነገሩ የተማሪዎች ብቻ አይደለም። ልጁ በስልክ ላይ አጎንብሶ ሲያመሽ የሚያይ አባት፤ ለኢንተርኔት ካርድ ከጉሮሮዋ ቀንሳ ገንዘብ የምትሰጥ እናት፤ ያ ሁሉ ድካም ለምን ፍሬ እንደሚበቃ ማወቅ ይገባቸዋል።

ስለዚህ ነገር ሰምተው ለማያውቁ ወላጆች በአጭሩ ላስረዳ። ኮምፒዩተር ፈጣን ነው እንጂ አዋቂ አይደለም፤ ሰው በዝርዝር ያላዘዘውን አይሠራም። ትእዛዙም የሚጻፍለት ለዚሁ በተዘጋጀ ቋንቋ ነው። እንዲህ ያለው ቋንቋ ደግሞ ብዙ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ፎርትራን በ1957፤ ሲ የሚባለው በ1972፤ ፓይተን በ1991፤ ጃቫና ጃቫስክሪፕት በ1995 ወጡ፤ ከእነርሱም በኋላ ሌሎች ብዙዎች ተከትለዋል። ዛሬ በፓይተን የጀመረ ተማሪ ኮምቦልቻ ወይም አዲስ አበባ ሄዶ ከፍተኛ ትምህርት ሲጀምር ሲ ወይም ጃቫ ይጠብቀዋል፤ ሥራ ሲይዝ ደግሞ ሦስተኛ ይመጣበታል። እንግዲህ ተማሪው አንዱን ቋንቋ ከማወቁ በላይ አዲስ ቋንቋ የሚማርበትን ዘዴ ማወቁ ይጠቅመዋል።

በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. መንግሥታችን ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር ሆኖ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የሚባለውን አስጀመረ። ሥልጠናው በኢንተርኔት የሚሰጥና ያለ ክፍያ በመሆኑ፤ ከአዲስ አበባ ርቆ ለሚኖር ወጣት ጥሩ በር ከፍቷል። በበኩሌ ተማሪዎቼን ግቡበት እላለሁ። ነገር ግን የምስክር ወረቀት በቀላሉ የሚገኝበት ዘመን ሲመጣ፤ ወረቀቱን ከሙያው ጋር ማምታታትም አብሮ ይመጣል። አሥር ሰዓት የሚፈጅ የቪዲዮ ትምህርት አይቶ የጨረሰ ሰው ያየው ሌላ ሰው ሲጽፍ ነው። ባዶ ገጽ ሰጥታችሁ እስከ መቶ ያሉትን ቍጥሮች የሚደምር ትእዛዝ ጻፍ ብትሉት፤ ብዙ ጊዜ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሲያይ ሁሉም ግልጽ ሆኖለት ነበር፤ ለመጻፍ ግን እጁ አልተለማመደም።

እኛ የምንኖርበት አገር ቋንቋን በመጻፍና በመፍጠር የማስተማር ልማድ የሌለው አገር አይደለም። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ሲያስተምሩ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ ደቀ መዛሙርት ከሩቅ አገር ወደዚህ ሐይቅ ይመጡ ነበር። መጻሕፍትም በእጅ ይገለበጡ ነበር። አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት የአራቱ ወንጌል መጽሐፍ ዛሬም በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። መጽሐፍ በእጁ የገለበጠ ተማሪ እያንዳንዱን ቃል በዓይኑና በጣቱ ያልፍበታል፤ ስለዚህ ከንባብ በላይ ያውቀዋል። በዚያው በወሎአችን በየቁርአን ቤቱ ደረሳው የዕለቱን ትምህርት በሉሑ ላይ ይጽፋል፤ በቃሉ ከያዘው በኋላ ሉሑን አጥቦ የሚቀጥለውን ይጽፍበታል። ለጀማሪ ፕሮግራም ጻፊም ይኸው ነው የምመክረው። የመጽሐፉን ምሳሌ ከስክሪን ላይ ቀድታችሁ አትለጥፉት፤ ፊደል በፊደል በእጃችሁ ጻፉት። ከዚያም አጥፉትና ሳታዩ እንደገና ጻፉት።

ይህ የአያቶቻችን ልማድ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የዘመኑም ምርምር ይደግፈዋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ከፍለው ፈተኑ። አንዱ ክፍል ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበ፤ ሌላው አንብቦ ዘጋውና የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ዘግተው የጻፉት በለጡ። ለነገ ፈተና ብቻ የሚያነብ ተማሪ ለምን ሁሉን ያወቀ እንደሚመስለው ከዚህ ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ለኮምፒዩተር ቋንቋ ትምህርት የሚቀርበው የቅኔ ቤት ሥርዓት ነው። በወሎ የዋድላ ቅኔ ቤት ከጎጃሞቹ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሙ የሚጠራ ነው። የቅኔ ተማሪ ግእዝን እንዴት እንደሚማር ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ግሱን በየአርእስቱ ለይቶ ይይዛል፤ ቀተለን በደንብ ያወቀ በእርሱ የሚመሩትን ብዙ ግሶች ያውቃል። አገባቡን ይሰማል፤ መምህሩ ሲዘርፉ ያዳምጣል። ከዚያ በኋላ ግን ሰዋስዉን እስኪጨርስ አይጠብቅም። ገና በጥዋቱ ወደ ዱሩ ወይም ወደ ጥላው ብቻውን ሄዶ ሁለት ቤት ብቻ ያላትን ጉባኤ ቃና ይቆጥራል። ያን ይዞ ወደ መምህሩ ይመለሳል፤ ይነግራል፤ ይታረማል። በማግሥቱ ደግሞ ሌላ አዲስ ይቆጥራል። ከጉባኤ ቃና ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ፤ እየቆየም እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። ማንም ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት መወድስ አይሞክርም፤ ሞክሮም ቢያመጣ መምህሩ ይስቁበታል።

በኮምፒዩተር ቋንቋም የግሱ አርእስት ጥቂት ነው። ዋጋን በስም ማስቀመጥ፤ «ይህ ከሆነ ይህን አድርግ» ማለት፤ መደጋገም፤ ብዙ ዋጋዎችን በአንድ ዝርዝር መያዝ፤ የተደጋገመ ሥራን ስም ሰጥቶ ፋንክሽን ማድረግ። እነዚህን አምስቱን በአዲሱ ቋንቋ እንዴት እንደሚባሉ በአንድ ገጽ ጻፉና በግድግዳ ላይ ለጥፉ። ከዚያ ወዲያውኑ በየቀኑ አንድ አንድ ጉባኤ ቃና! በመጀመሪያው ቀን በስክሪን ላይ ሰላምታ የሚጽፍ። በሁለተኛው ስም ጠይቆ በስሙ ሰላም የሚል። በሦስተኛው ከ1 እስከ 100 የሚደምር። በሌላው ቀን የዕቁብ ዕጣ የሚያወጣ፤ ወይም ዘካ የሚደርስበትን ገንዘብ ተቀብሎ ከአርባ አንዱን የሚያሰላ። እያንዳንዱ ከአሥር መስመር አይበልጥ። የትናንቱን አትድገሙ፤ ቅኔ ሁልጊዜ አዲስ ነው።

እዚህ ላይ ከብዙ መጻሕፍት ምክር የምለይበትን አንድ ነገር ልናገር። መጻሕፍቱ ለጀማሪ የሚሰጡት ልምምድ አብዛኛውን ጊዜ ከተማሪው ኑሮ የራቀ ነው። በማያውቁት ቋንቋ የማያውቁትን ጉዳይ መጻፍ ሁለት ሸክም ነው። ስለዚህ ጠባዩን ጠንቅቃችሁ የምታውቁትን፤ በወረቀት ላይ ልትሠሩት የምትችሉትን አንድ ጉዳይ ያዙ፤ አዲስ ቋንቋ በጀመራችሁ ቍጥርም እርሱኑ እንደገና ጻፉት። ለሐይቅ ልጅ ከባሕረ ሐሳብ የተሻለ አላገኘሁም። ሙስሊም ተማሪዎቻችንም የቍጥሩን ነገር ይከተሉ፤ ሒሳቡ ለሁሉም አንድ ነው። ከፈለጉም የሒጅራን ዘመን በዚያው ዘዴ ይሞክሩ።

የ2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። በ5500 ላይ 2018 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7518 ነው። ይህ ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይቀራል፤ 2 ከቀረ ዘመኑ ማርቆስ ነው። የደረሰውን 1879 ከ7518 ጋር ብንደምር 9397 ይሆናል፤ ይህን በ7 ስንገድፈው 3 ይቀራል። ቀሪው 1 ሲሆን መስከረም 1 ማክሰኞ፤ 2 ሲሆን ረቡዕ፤ 3 ሲሆን ሐሙስ ይውላል፤ በእርግጥም የ2018 መስከረም 1 ሐሙስ ነበረ። ደግሞ 7518ን በ19 ስንገድፈው መደቡ 13 ይሆናል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12፤ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18 ይወጣል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መሆን አለባቸው፤ ሆነዋልም።

ይህን በፓይተን ለመጻፍ ሃያ መስመር አይፈጅም። ደስ የሚያሰኝም ነገር አለ። ፊደላችን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ገብቷል፤ ፓይተንም በ2008 ከወጣው ከሦስተኛው ዕትሙ ጀምሮ ስሞችን በአማርኛ እንድንጽፍ ይፈቅዳል። ስለዚህ መደብን መደብ፤ መጥቅዕን መጥቅዕ ብላችሁ ልትጽፉ ትችላላችሁ። ጀማሪ ከእንግሊዝኛው ጋር ሳይታገል ሐሳቡን እንዲከተል ይረዳዋል። ለሥራ ዓለም ግን እንግሊዝኛው አይቀርም።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ደረስን፤ ይኸውም ሁለተኛው ቋንቋ ነው። ክራር የሚመታ ሰው ትዝታን ከለመደ በኋላ አምባሰልን ለመጫወት አዲስ ክራር አይገዛም፤ ጣቶቹንም እንደገና አያስተምርም። የተወሰኑትን አውታሮች ያጠብቃል ወይም ያላላል። ነገር ግን የላላችውን አውታር ረስቶ እንደ ቀድሞው ቢመታት፤ ዜማው በዚያች ቦታ ይሰበራል። በኮምፒዩተር ቋንቋም የሚያሰናክለው ፈጽሞ አዲስ የሆነው ነገር አይደለም፤ አዲሱንማ ተጠንቅቀን እናነበዋለን። የሚያሰናክለው መልኩ ያው ሆኖ ጠባዩ የተለወጠው ነው።

ያንኑ ባሕረ ሐሳብ ተመልከቱ። በሲና በጃቫ ሙሉ ቍጥርን በሙሉ ቍጥር ስናካፍል መልሱ ሙሉ ቍጥር ነው፤ 7518 ለ4 ሲካፈል 1879 ይላል። በፓይተንና በጃቫስክሪፕት ግን ያው የማካፈያ ምልክት 1879.5 ይሰጣል። ሳያስተውል የቀጠለ ሰው ድምሩን በ7 ሲገድፍ ሦስት ተኩል ይቀርበታል፤ በሐሙስና በዓርብ መካከል የሚውል አዲስ ዓመት ማለት ነው! ፓይተን ለሙሉ ቍጥር ማካፈያ ያንኑ ምልክት ሁለት ጊዜ ጐን ለጐን ይፈልጋል፤ በጃቫስክሪፕት ደግሞ ክፍልፋዩን ራሳችን መጣል አለብን።

ይህኛው ስሕተት ዓይን አውጣ ስለ ሆነ ቶሎ ይያዛል። የሚከፋው ሁለተኛው ነው። 2024 ዓ.ም.ን ስናሰላ ዓመተ ዓለሙ 7524 ነው፤ በ19 ሲገደፍ ምንም አይተርፍም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት እንዲህ ሲሆን መደቡን 19፤ ወንበሩንም 18 ይላሉ፤ አበቅቴ 18፤ መጥቅዕ 12 ይሆናል። ይህን ሕግ ያልጻፈ ፕሮግራም ግን ከዜሮ አንድ ቀንሶ ወንበሩን ከዜሮ በታች 1 ያደርገዋል። በሲ፤ በጃቫና በጃቫስክሪፕት አበቅቴው ከዜሮ በታች 11፤ መጥቅዑ ከዜሮ በታች 19 ሆኖ ይወጣል፤ ያየው ሁሉ ስሕተት መሆኑን ያውቃል። ፓይተን ግን ከዜሮ በታች ያለውን ቍጥር ሲገድፍ ቀሪውን ከዜሮ በላይ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ አበቅቴ 19፤ መጥቅዕ 11 ይላል። ሁለቱም ደኅና ቍጥር ይመስላሉ። ድምራቸውም 30 ነው! የታወቀው መፈተኛችን ራሱ አያጋልጠውም። የሚያጋልጠው መልሱን አስቀድሞ በወረቀት ያወጣ ሰው ብቻ ነው።

ከዚህ የተነሣ ሁለተኛ ቋንቋ ለሚጀምር ተማሪ የምሰጠው ምክር አጭር ነው። አንድ ደብተር በሁለት ዓምድ ክፈሉ፤ በግራው የምታውቁትን ቋንቋ፤ በቀኙ አዲሱን ጻፉ። የሚመሳሰለውን እለፉት። በመልክ ተመሳስሎ በጠባይ የሚለየውን ብቻ መዝግቡ፤ ማካፈል፤ መግደፍ፤ የዝርዝር መጀመሪያው ቍጥር፤ የመስመር ገባ ማለት ትርጉም ያለው መሆኑና አለመሆኑ፤ እነዚህን የመሰሉ። ፓይተን ለምሳሌ የመስመሩን ገባ ማለት እንደ ሕግ ይቈጥረዋል፤ ለሲ ግን ጌጥ ነው። በዚያው ደብተር በስተኋላ ኮምፒዩተሩ የሚያወጣቸውን የስሕተት መልእክቶች ከነአማርኛ ትርጉማቸው ጻፉ። ብዙ ተማሪ ቀዩን ጽሑፍ ሲያይ ሳያነብ ይደነግጣል። በፓይተን ዋናው ነገር በመጨረሻው መስመር ነው ያለው፤ ከዚያ ጀምራችሁ ወደ ላይ አንብቡ። የሚደጋገሙት ስሕተቶች ከሃያ አይበልጡም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን ደግሞ ስለ ኮምፒዩተር ማነስ ልናገር፤ ይህን ያላነሣ ምክር ለእኛ አገር ምክር አይሆንምና። አንድ ኮምፒዩተር ለብዙ ተማሪ በሚዳረስበት ቦታ፤ መብራትም በሚጠፋበት ጊዜ፤ ተማሪው በመኪናው ፊት የሚያገኘው ጊዜ ጥቂት ነው። በ2015 ዓ.ም. በክልላችን ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፤ ትምህርቱን ሁሉ በኢንተርኔት ላይ ያንጠለጠለ ተማሪ ባዶ እጁን ቀረ። የቅኔ ተማሪ ግን ቅኔውን የሚቆጥረው በራሱ ውስጥ ነው፤ ወደ መምህሩ የሚሄደው ለመነገርና ለመታረም ነው። ፕሮግራማችሁንም በቤታችሁ በወረቀት ጻፉት። ለእያንዳንዱ ስም አንድ ዓምድ ሠርታችሁ ዋጋው በየመስመሩ እንዴት እንደሚለወጥ በእርሳስ ተከተሉ። ወደ ኮምፒዩተሩ የምትሄዱት ሐሳባችሁን ለማስፈተን ይሁን። ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ፤ አንዱ ይጻፍ፤ ሌላው እያንዳንዱን መስመር «ለምን?» እያለ ይጠይቅ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተለዋወጡ። ያለ ኢንተርኔት በስልክ ላይ ፓይተን የሚያሠሩ መተግበሪያዎችም አሉ፤ ኔትወርክ ሲገኝ አንድ ጊዜ አውርዳችሁ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ተቀባበሉ።

ሳልናገር ላልፈው የማልችለው አንድ ነገር አለ። ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ ቻት ጂፒቲ የሚባለውና እርሱን የመሰሉ ሌሎች መጡ። በአማርኛ እንኳ ብትጠይቋቸው የተሟላ ፕሮግራም ጽፈው ይሰጣሉ። አትንኩ የሚሉ መምህራን አሉ፤ እኔ ግን ከእነርሱ ጋር አልስማማም። መምህር በሌለበት ቦታ ስሕተትን የሚያስረዳ ነገር ማግኘት ትልቅ ጥቅም ነው። የምለው ተራው ይጠበቅ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው መጀመሪያ ይቆጥራል፤ ከዚያ መምህሩ ያርማሉ። መምህሩ ቆጥረው ለተማሪው ቢሰጡት፤ በጉባኤው ላይ አሳምሮ ሊናገረው ይችላል፤ ቅኔ አዋቂ ግን አልሆነም፤ ነገ «ይህ ቃል ለምን እዚህ ገባ?» ሲባል መልስ የለውም። እናንተም ጽፋችሁ ስትጨርሱ «ስሕተቴ የት ነው?» በሉት። «ጻፍልኝ» ያላችሁት ቀን የልምምዱ ቀን አለፈባችሁ። ደግሞም ልብ በሉ፤ እርሱም ይሳሳታል፤ የ2024ን አበቅቴ ብትጠይቁት የሚሰጣችሁን መልስ ከወረቀታችሁ ጋር ሳታስተያዩ አትቀበሉት።

ለወላጆች የማቀርበው ልመና አንድ ነው። ልጃችሁ የምስክር ወረቀት ሲያመጣ ደስ ይበላችሁ፤ ከዚያም «የጻፍኸውን አሳየኝ» በሉት። ኮምፒዩተር ባታውቁም ግድ የለም። የዕቁቡን ሒሳብ ወይም የእህሉን ዋጋ የሚያሰላ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ሠርቶ፤ በአማርኛ መስመር በመስመር ካስረዳችሁ እየተማረ ነው። ለታናሽ እኅቱ ወይም ወንድሙ ማስተማር ከጀመረ ደግሞ የበለጠ እየተማረ ነው።

ተማሪዎች ሆይ፤ ከመለያየታችን በፊት አንድ ልምምድ እሰጣችኋለሁ። 2025 ዓ.ም.ን አስሉ። ዓመተ ዓለሙ በ19 ሲገደፍ 1 ይተርፋል፤ ስለዚህ ወንበሩ አልቦ ነው። ፕሮግራማችሁ መጥቅዕን ዜሮ ብሎ ያወጣዋል፤ በወር ውስጥ ግን ዜሮ ቀን የለም። መጀመሪያ በወረቀት ሠርታችሁ ስንት መሆን እንዳለበት፤ ለምንም እንደዚያ እንደሚሆን እወቁ፤ የባሕረ ሐሳብ አዋቂ በአጠገባችሁ ካለም ጠይቁ። ከዚያ ፕሮግራሙን በምታውቁት ቋንቋ አርሙት፤ ቀጥሎም በማታውቁት በአንዱ ጻፉት። በሚቀጥለው ሰኞ ከትምህርት በኋላ በክፍል ውስጥ እገኛለሁ፤ ወረቀቱን ያልያዘ ወደ ኮምፒዩተሩ አይቀርብም።